ፋይሉን በምን ከፍተህ ነው ያየኸው?

ይሄን የምጽፈው ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ፣ ወይም ደሞ ቆይታችሁም ከዳታ ጋር ለምትታገሉ ነው። እኔን ሶስት ቀን የፈጀብኝን ነገር እናንተ በአስር ደቂቃ እንድትጨርሱት ብዬ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምም ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰዎችን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የተመዘገቡበትን ቀን ከዳታቤዝ አውጥቶ ሲኤስቪ ፋይል የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ሰርቼ ነበር፣ ሁለት መቶ መስመር እንኳን አይሞላም። ሲኤስቪ ለማያውቀው ሰው፣ በኮማ የተለያየ ተራ ጽሁፍ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ይሄ ቁጥር ነው ይሄኛው ደሞ ቀን ነው ብሎ የሚናገርበት ቦታ የለውም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሷ ነው። ፋይሉን የሚቀበሉት ሰዎች ስራቸውን እንደ ኤክሴል ባለ ስፕሬድሺት ነው የሚሰሩት፣ እኔም ስቴስት በዛው ከፍቼ ነው የማየው።

ፕሮግራሙን በሰጠሁ በማግስቱ መልእክት መጣ፣ ስልኮቹ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ የለችም የሚል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ፣ ቀኖቹ ተምታተዋል፣ አንዳንዱ ላይ ወሩ ቀን ሆኗል፣ አንዳንዱ ግን ልክ ነው። ከሰአት ደሞ ሶስተኛው፣ ስሞቹ አይነበቡም።

እኔ ቀጥታ ወደ ኮዱ ገባሁ። ዜሮዋን የሚበላት ቦታ የቱ ነው ብዬ ስልኩን ከቁጥር ወደ ስትሪንግ (ወደ ጽሁፍ) ልቀይር ስል ቀድሞውንም ስትሪንግ ነበር። ላይብረሪ ቀየርኩ። የዳታቤዙን ድራይቨር አፕዴት አደረኩ፣ እሱ ደሞ ሲሰሩ የነበሩ ሁለት ሌሎች ነገሮችን ሰበረብኝና ግማሽ ቀን እነሱን መልሼ ሳስተካክል ዋልኩ። ቀኑን የሚጽፈውን ፈንክሽን ሶስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩት። እያንዳንዱን ነገር ከቀየርኩ በኋላ ፋይሉን በስፕሬድሺት እከፍታለሁ፣ አሁንም ዜሮዋ የለችም፣ እንደገና ወደ ኮዱ።

በሶስተኛው ቀን አብራኝ የምትሰራ ልጅ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ቁጭ አለች። ኮዱን አሳይኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ "ፋይሉን በምን ከፍተህ ነው ያየኸው?" አለችኝ። በስፕሬድሺት አልኳት። "እስቲ በተራ ቴክስት ኤዲተር ክፈተው።"

ከፈትኩት። ዜሮዋ አለች። ቀኖቹ ልክ ናቸው። ስሞቹ በደንብ ይነበባሉ። መጀመሪያ ቀን ላይ የጻፍኩትን ኮድ፣ የኮዱን የድሮ ቅጂዎች ከሚያስቀምጠው ከጊት መልሼ አውጥቼ ያኔ ያወጣውን ፋይልም አየሁት፣ እሱም ልክ ነበር። ሶስት ቀን ሙሉ ያልተበላሸ ነገር ስጠግን ነው የከረምኩት ማለት ነው።

ምን ሆኖ ነው? ስፕሬድሺቱ ሲኤስቪውን ሲከፍት እያንዳንዱ ሴል ምን እንደሆነ ይገምታል። በዲጂት ብቻ የተሰራ ነገር ካየ ቁጥር ነው ይላል፣ ቁጥር ከሆነ ደሞ ከፊት ያለች ዜሮ ትርጉም የላትም፣ ይጥላታል። 03/04 የሚል ካየ ቀን ነው ይላል፣ ግን ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 የሚወስነው በኮምፒውተሩ የሪጅን ሴቲንግ ነው፣ 25/04 ሲመጣ ደሞ ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ዝም ብሎ እንደ ጽሁፍ ይተወዋል፣ ለዛ ነው አንዳንዱ ተምታቶ አንዳንዱ ልክ የሚመስለው። አስራ ስድስት ዲጂት ያለው መለያ ቁጥር ካላችሁ ደሞ የባሰ ነው፣ በብዛት የምንጠቀምባቸው ስፕሬድሺቶች ቁጥርን የሚይዙት እስከ 15 ዲጂት ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዋ ዲጂት ወደ ዜሮ ትቀየራለች፣ ይሄን ሲያደርግ ምንም አይነት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሰውየው ፋይሉን ለማየት ብቻ ከፍቶ ሴቭ ካለው አበቃ፣ አሁን ፋይሉ ራሱ ተበላሽቷል፣ ዋናውን ካላስቀመጣችሁ መመለሻ የለውም።

ይሄ የኛ የትንንሾቹ ፕሮጀክት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው አለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 የአንዳንድ ጂኖችን ስም እስከመቀየር ደርሷል፣ ምክንያቱም ስማቸው ሴፕቴምበርና ማርች የሚሉትን ወሮች ስለሚመስል ስፕሬድሺት ውስጥ ሲገቡ ወደ ቀን እየተቀየሩ የምርምር ዳታ ያበላሹ ነበር። በዛው አመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች ሪፖርት በሰአቱ ሳይደርስ የቀረው ዳታው ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ በማይችል አሮጌ የስፕሬድሺት ፎርማት ስላለፈ ነው፣ ትርፉ ዝም ብሎ ተቆረጠ። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ፕሮግራሙ "አልቻልኩም፣ ይሄን ያህል ቀርቷል" ብሎ ቢጮህ ኖሮ የዛኑ ቀን ይታወቅ ነበር።

እና መፍትሄው ምንድነው ላላችሁ፣ ሰዎቹ ፋይሉን ደብል ክሊክ እንዳያደርጉት ንገሯቸው። ባዶ ስፕሬድሺት ከፍተው ዳታ ከጽሁፍ ፋይል ኢምፖርት የሚለውን ይጠቀሙ፣ እዛ ላይ የስልኩን ኮለም ጽሁፍ ነው ብሎ መምረጥ ይቻላል፣ ኢንኮዲንጉንም (ፊደሎቹ ወደ ቁጥር የተቀየሩበትን መንገድ ማለት ነው) ዩቲኤፍ-8 ብሎ መምረጥ ይቻላል። ቀን ሁሌም አመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ጻፉት፣ 2024-03-04 ብላችሁ፣ ሲደረደርም በትክክል ይደረደራል፣ የትኛው ወር ነው የሚል ጭቅጭቅም አይኖርም። ሰዎቹ ይሄን ሁሉ ማድረግ ካልቻሉ ግን (እውነት ለመናገር ብዙዎቹ አያደርጉትም፣ ሊፈረድባቸውም አይገባም፣ የነሱ ስራ ሌላ ነው) ሲኤስቪውን ተዉትና ቀጥታ የስፕሬድሺቱን ፎርማት የሚጽፍ ላይብረሪ ተጠቀሙ፣ እሱ ላይ የሴሉን አይነት እናንተው ትወስናላችሁ። እኔ መጨረሻ ላይ ያደረኩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በፊደላችን የሚጻፍ ነገር የሚነካ ፕሮግራመር ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ኮምፒውተሩ ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ባይት ነው፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የግእዝ ፊደላት ዋናው ቦታ ከ4608 እስከ 4991 ያለው ነው፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው የገቡት። ዩቲኤፍ-8 ላይ እነዚህ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፣ የመጀመሪያዋ ባይት ደሞ ለሁሉም አንድ ናት፣ 225። አሁን ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካላወቀ እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ያነባታል፣ ስለዚህ አንድ ፊደል የነበረው ሶስት ዝባዝንኬ ይሆናል፣ 225 ደሞ በላቲኑ ሰንጠረዥ ላይ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የ"አ" ድምጽ ፊደል ናት። አማርኛ በምትጠብቁበት ቦታ በየሶስት ምልክቱ እሷ እየተደጋገመች ካያችሁ ጽሁፉ የኛ ፊደል ነው፣ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ የተነበበው ግን በላቲን ኢንኮዲንግ ነው። እኔ ይሄን ካወኩ በኋላ ስክሪኑን ከሩቅ አይቼ ነው የምለየው።

ሌላው በጣም የጠቀመኝ ነገር የተበላሸው ጽሁፍ ምን እንደሚመስል መለየት ነው። ሳጥን ሳጥን ብቻ ከሆነ ዳታው ደህና ነው፣ ፎንት ነው የጎደለው፣ ፎንት ጫኑና እለፉ፣ ኮድ እንዳትነኩ። ዝባዝንኬ ከሆነ ባይቶቹ አሉ፣ በተሳሳተ መንገድ ነው የተነበቡት፣ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ መልሶ በማንበብ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ ግን በዛው መልኩ ሴቭ እንዳትሉት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን፣ ???? እንደዚህ ከሆነ፣ አለቀለት ማለት ነው፣ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን መጻፍ ስላልቻለ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፣ የጥያቄ ምልክቱ ዳታቤዝ ውስጥ ራሱ ከተቀመጠ ዋናው የለም፣ ከባክአፕ ነው የምታመጡት። ይሄን ልዩነት ሳላውቅ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ቴብል "ላድን" ብዬ ስንት ሰአት እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባይትና ፊደል አንድ አለመሆናቸው ሌላም ቦታ ይነክሳችኋል። አንዳንድ ዳታቤዝ ላይ የኮለም ርዝመት 30 ስትሉት 30 ፊደል ሳይሆን 30 ባይት ማለት ሊሆን ይችላል፣ በኛ ፊደል ደሞ 30 ባይት 10 ፊደል ነው፣ ረዘም ያለ ስም ያለው ሰው ስሙ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። የሰው ስም ነው እኮ፣ ሰርተፍኬት ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ኤስኤምኤስም እንደዚሁ ነው፣ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከዛ ካለፈ ሁለት መልእክት ሆኖ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጽሁፉን አሳጥሩት፣ ሂሳቡን ስታሰሉም አስቡበት።

እኔ የስሞቹን ችግር መጀመሪያ የፈታሁት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለውን ምልክት በመጨመር ነበር፣ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሶስት ባይቶች ናቸው፣ አይታዩም፣ ስፕሬድሺቱ እነሱን ሲያይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቅና ስሞቹ ጥርት ብለው ይመጣሉ። ደስ አለኝ፣ ላኩት። ከዛ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ፋይል የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም "ስም የሚባል ኮለም የለም" እያለ መስራት አቆመ። ኮለሙ አለ። በአይኔ እያየሁት ነው፣ የመጀመሪያው ኮለም ነው፣ ስም ይላል፣ ፊደል በፊደል አንድ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ሶስት ቀን አልፈጀብኝም፣ የኮለሙን ስም ርዝመት ፕሪንት አደረኩት፣ ሁለት ፊደል ያለው ቃል ሶስት ነው አለኝ። የማይታየው ቦም የኮለሙ ስም አካል ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሆነው እየታዩ ፕሮግራሙ አንድ አይደሉም ካላችሁ አይናችሁን አትመኑ፣ ርዝመታቸውን እዩ፣ ካልሆነም ባይቶቹን አንድ በአንድ ፕሪንት አድርጉ። መጨረሻ ላይ የቀረ ስፔስ፣ የማይታይ ምልክት፣ ሁሉም እዛ ላይ ነው የሚጋለጠው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፣ ሰርች። ተጠቃሚው ፀሐይ ብሎ የተመዘገበን ሰው ጸሃይ ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም፣ ለኛ አንድ ድምጽ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሶስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ሠና ሰም፣ አና ዐም፣ ጸና ፀም እንደዛው። ለሰርች ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ሰርታችሁ እዛ ላይ ሁሉንም ወደ አንድ አይነት ቀይሩ፣ ሰውየው ሲፈልግም የጻፈውን በዛው ፈንክሽን አሳልፉት። የሰውየውን ዋና ስም ግን በጭራሽ እንዳትነኩት፣ ስሙን የጻፈው እሱ ነው፣ በ"ኃ" ከሆነ የጻፈው በ"ኃ" ይውጣለት። አረፍተ ነገር የምትቆርጡ ከሆነም ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ፡፡ እንደዚህ፣ ከ። ጋር አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፣ ቀድማችሁ ቀይሩት።

ልጅቷ ያን ቀን ያደረገችው ነገር ምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። መንገዱን መሀል ላይ ቆረጠችው። ዳታቤዝ፣ ኮድ፣ ፋይል፣ ስፕሬድሺት፣ ስክሪን፣ ዳታው በዚህ ሁሉ ያልፋል፣ እኔ የማየው መጨረሻውን ስክሪን ነው፣ የምጠግነው ደሞ ሁለተኛውን። እሷ መሀል ላይ ያለውን ፋይል እንዳይ አደረገችኝ፣ ፋይሉ ልክ ከሆነ ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ነጻ ነው፣ ግማሹ መንገድ በአንድ ጥያቄ ወጣ። አሁን ማንኛውም ባግ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ወረቀት ላይ ዳታው የሚያልፍባቸውን ቦታዎች መጻፍና መሀለኛውን ማየት ነው፣ ሎግ ካለ በሎግ፣ ከሌለ በፕሪንት፣ ፕሪንት የጀማሪ ነገር ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው፣ እኔ አሁንም በየቀኑ እጠቀመዋለሁ።

ይሄው ሀሳብ በጊዜም ይሰራል። ባለፈው ወር ሲሰራ የነበረ ነገር ዛሬ ካልሰራና መሀል ላይ 1,000 ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገበ ለውጥ) ካለ አንድ በአንድ አታነቡትም፣ ጊት ቢሴክት የሚባል ትእዛዝ አለው፣ የሚሰራበትንና የማይሰራበትን ኮሚት ትነግሩታላችሁ፣ መሀለኛውን አውጥቶ ይሰጣችኋል፣ ትሞክሩና ይሰራል ወይ አይሰራም ትሉታላችሁ፣ 1,000 ኮሚት በ10 ሙከራ ያልቃል። ይሄ እንዲሰራ ግን ኮሚቶቻችሁ ትንንሽ መሆን አለባቸው፣ እንደ እኔ በሶስቱ ቀን እንዳደረኩት ላይብረሪ ቀይሮ፣ ድራይቨር አፕዴት አድርጎ፣ ፈንክሽን እንደገና ጽፎ ሁሉንም በአንድ ኮሚት "ማስተካከያ" ብሎ ማስገባት ማለት ለነገው ራስ ጉድጓድ መቆፈር ነው። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልረዳ መልሱት፣ ከዛ ወደ ሌላው።

ስለ ኤረር መልእክት አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ፣ ምክንያቱም እንደ ተጠቃሚም እንደ ፕሮግራመርም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አርባ ቦታ ያለው ፎርም ሞልታችሁ ላክ ስትሉ "ስህተት ተፈጥሯል፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" ይልና የሞላችሁትን ሁሉ ያጠፋዋል። ምን ስህተት? የቱ ጋ? እንደገና ምን ልሞክር? ይሄን የሰራው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኤረሩን የሚይዘውን ቦታ ሲጽፍ ቸኩሎ ነው፣ እኔም የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ላይ እንደዛ ነበር ያደረኩት፣ ኤረሩን ይዤ ምንም ሳልጽፍ አለፍኩት። ከዛ ጊዜ በኋላ የኤረር መልእክት ስጽፍ ሶስት ነገር እንዲኖረው አደርጋለሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ፣ ሰውየው አሁን ምን ማድረግ እንደሚችል። ሰውየው የጻፈውንም በፍጹም አላጠፋበትም።

ያችን ፋይል መልሳ ወደ ዳታቤዝ የምታስገባውን ፕሮግራም በዚህ መልክ ቀየርኳት። ስልክ በ9 ዲጂት ብቻ ሲመጣ አሁን እንዲህ ትላለች፣ "መስመር 418፣ ስልክ የሚለው ኮለም፣ 10 ዲጂት ጠብቄ 9 አገኘሁ፣ የፊቷ ዜሮ በስፕሬድሺት ጠፍታ ሊሆን ይችላል፣ ዋናውን ፋይል በኢምፖርት ከፍተው ይሞክሩ፣ እስካሁን ምንም አልገባም።" በፊት በሳምንት ሁለት ሶስቴ የሚደውሉልኝ ሰዎች ነበሩ። ባለፈው አንዱን አግኝቼው ፋይሉ እንዴት ነው፣ አስቸገራችሁ ወይ ስለው "አይ፣ አንዴ መስመሩን ነግሮኝ እኔው አስተካከልኩት" አለኝ።